ላሚቱ የወደቀችበት እሁድ

ሳምንት ሰባት የሥራ ቀን አለው ብሎ የሚያስብ፣ ትናንት ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው። እኔ ግን ነገሌ ቦረና ተወልጄ ነገሌ ያደግሁ ነኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እናቴ የወሩን በዓላት በጣቷ ቆጥራ የምትጨርስ። ታዲያ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ኩሬውን ሁላችን ተባብረን በአንድ ሳምንት ጠርገን እንጨርሳለን ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወጅሁ።

ኩሬው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። ያኔ ደለል ሞልቶት፣ የታችኛው ግድቡም ተንዶ አፉን ስለከፈተ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። በጋ ሲሆን ሴቶቹ ተማሪዎቼ ጄሪካን ይዘው ሩቅ ይወርዳሉ፣ ወንዶቹ ከብት ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ለባዶ ወንበር ሳስተምር ሳስተምር በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጠመኔ ይዞ ባዶ ክፍል ውስጥ መቆም ምን እንደሆነ የቆመው ያውቀዋል። ያን ዓመትም ቦረናዎች ጋና የሚሉት የበልግ ዝናብ ሳይገባ ደለሉ ካልወጣና ግድቡ ካልተዘጋ፣ ሌላ ዓመት ሄደ ማለት ነበር።

ሁለቱ ወጣቶች የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሞርሞን የሚባለው እምነት ሚስዮናውያን ናቸው፤ ወደ እኛ የመጡት ግን ለስብከት ሳይሆን ለአንድ ሳምንት በጉልበታቸው ሊያገለግሉ ነው። አንደኛው አሜሪካዊ ነው፣ ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ፣ ፊቱ በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ቲማቲም የመሰለ። ሁለተኛው ዝምተኛ ኬንያዊ ነው። እንግሊዝኛ ስለምችል አስተርጓሚያቸው እኔው ሆንኩ።

ለካ በእምነታቸው ደንብ አንዱ ከሌላው ተለይቶ አይሄድም። አንዱ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ሌላውም ይነሳል። የሰፈሩ ሰው «ጥማድ በሬዎቹ» አላቸው፤ አፈር የሚወጣበትን ባሬላ ሲያሸክማቸውም አይለያዩም ብሎ ነው። እውነትም ከእነሱ ጥንድ የበለጠ አፈር ያወጣ አልነበረም። በዚያው ደንብ ሻይም ቡናም አይቀምሱም። ሻይ የምታፈላው ጎረቤታችን በመጀመሪያው ቀን ታመው መስሏት ደነገጠች፤ በማግስቱ አዝና ይሁን ተናዳ፣ ፍል ውሃ በስኳር በጥብጣ ሰጠቻቸው። አመስግነው ጠጡ።

ሰኞ ሥራው እሳት ሆነ። ማክሰኞ ስደርስ ግን ግማሹ አካፋ መሬት ላይ ተኝቷል። ለካ የመጋቢት ሚካኤል ነው! እናቴ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ እያየሁ እንኳ ትዝ አላለኝም። ረቡዕና ሐሙስ ደህና ሄደ። ዓርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሄዱ። ቅዳሜ ደግሞ የእናቴ እኩዮች «ቅዳሜም ሰንበት ናት፤ አፈር አይቆፈርባትም» ብለው ተቀመጡ። እኔ በንዴት ጨስሁ።

የኩሬውን ሥራ የሚመሩት አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ፤ አባ ነው የምላቸው። በአባቶቻቸው እምነት የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይሄዱ ሰው ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ሰባቱም ቀን ባለቤት አለው። አንቺ ባዶ መስሎሽ ገባሽበት» አሉኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ አካፋ ከማይዘልቀው ከመሐሉ ጭቃ በቀር፣ ደለሉ ወጥቶ አልቆ ነበር። የቀረው የታችኛው ግድብ አፍ ብቻ ነው። በሊበን ሜዳ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጥቷል። ረጅሙን ሚስዮናዊ ጠርቼ «ነገ በጠዋት እንጀምር» አልኩት።

«ነገ አንሠራም» አለኝ በትሕትና። «እሁድ የእግዚአብሔር ነው።»

«ዝናቡስ የማን ነው?» አልኩት።

ፊቱ ከወትሮው የባሰ ቀላ፤ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። እኔ ደግሞ አንዴ ከነደድኩ ውሃ አያበርደኝም። ሰማይ ሊፈርስ ነው፣ አንተ ስለ ቀን ትነግረኛለህ፣ ብዬ ያልተረጎምኩለትን ብዙ ነገር በአማርኛ ወረድኩበት። አባ ክንዴን ያዙኝ። «እሺ፣ በቃ። ሰውየው ቃል ያለበት ነው። ቃል የሌለው ሰው መጥቶ ቢቆፍርልሽ ምን ይረባሻል?» አሉኝ። አልተዋጠልኝም።

እሁድ ጠዋት ኩሬው ዘንድ የተገኘነው ጥቂት ነበርን። ሙስሊሞቹ፣ አባ፣ የአባ ዘመዶች፣ እናቴን አስቀይሜ የወጣሁት እኔ። በዚያ ቁጥር ግድቡ እስከ ማታም እንደማይዘጋ ሁላችንም ገብቶናል። አፈር ልናመጣ ራቅ ብለን ሳለን የአንዲት ባልቴት ላም መጣች።

ባልቴቷ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን የሚኖሩ እናት ናቸው። ድርቁ ከመንጋቸው ያስቀረላቸው ያችን አንዲት ላም ነው፤ እሷም ቆዳ የለበሰ አጥንት ሆናለች። ኩሬው ወለል ላይ የቀረችው ጥቂት ውሃ ሸተታት መሰለኝ፣ ማንም ሳያያት በተናደው አፍ ገብታ ጭቃው መሐል ደረሰች። እስከ ሆዷ ሰመጠች። አንዴ ብቻ እምቧ አለች፤ ከዚያ ዝም።

ባልቴቷ እሪ አሉ። ላሚቱ እዚያ ከሞተች የልጅ ልጆቻቸው ወተት አለቀ፤ ጥንብ የገባበትን ኩሬ ደግሞ ማንም አይጠጣውም። የሳምንቱ ድካም፣ በጋው፣ ክፍሌ፣ ሁሉም ከላሚቱ ጋር አብሮ እየሰመጠ ነበር።

እሪታው ከሰው ቀድሞ ከተማ ገባ። ከመንገዱ ዳር ካለው ጸሎት ቤት ጴንጤዎቹ መዝሙራቸውን ትተው ሮጡ። ከቅዳሴ የሚመለሱት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ፤ መሐላቸው እናቴም አለች። ከሁሉም ፊት ግን ሁለቱ ነበሩ፣ በነጭ ሸሚዝና በክራቫት፣ ጫማቸው የተወለወለ።

«ዛሬ እኮ እሁድ ነው!» አልኩት ረጅሙን። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

«በሬው ጉድጓድ ከገባ ይወጣል» አለኝና ጭቃው ውስጥ ዘለለ። ጓደኛው ተከተለው። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ይወጣል የሚለውን የወንጌል ቃል መናገሩ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ረጅሙ ቀንዷን ይዞ ብቻውን ጎተተ። ላሚቱ አቃሰተች እንጂ አልተነቃነቀችም። አባ በበትራቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ላም በአንድ ሰው አትነሳም በይው» አሉኝ። ተረጎምኩ። ከዚያ የሁለት ባሬላ እንጨት አውልቀው በሆዷ ሥር አሳለፉ፤ ጅራቷን ለሁለት ሰው ሰጡ፤ አንገቷ ጭቃው ውስጥ እንዳይወድቅ ረጅሙ ክራቫቱን ፈትቶ አሰረና ወደ ላይ ያዘ። አባ የማንሻውን ዜማ ጀመሩ። ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ ነጠላ የታጠቀው፣ ሁሉም በኦሮምኛ ተቀበለ። ፈረንጁም ያልገባውን ቃል ከሰው እኩል ጮኸ። ሆ! ስንል ጭቃው ጮኸና ለቀቃት።

ላም ተነስታ ወዲያው አትቆምም። ደም እግሯ እስኪደርስ ሰው ደግፎ ይይዛታል። እኛም ትከሻችንን አስደግፈናት ቆምን፤ እናቴ በአንድ ጎን፣ ረጅሙ በሌላው። ስትራመድ ባልቴቷ ዕልል አሉ፣ እኔም አለቀስኩ። በተናደው አፍ አስወጣናትና ሁሉም እጁን እየጠረገ ወደየሰንበቱ ሊመለስ ተዘጋጀ።

ያኔ አባ የተናደው የግድቡ አፍ ላይ ሄደው ቆሙ።

«ይቺ ላም ውሃ ሸቷታል። አሁኑኑ ትመለሳለች» አሉ። «ላም አወጣሁ የሚባለው የገባችበትን በር ሲዘጉ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ሥራው ገና ግማሽ ነው። ፈረንጁን ጠይቂው፣ የእሱ መጽሐፍ ግማሽ ላም አውጣ ይላል?»

እየሳቅሁ ተረጎምኩ። ረጅሙ ጓደኛውን አየ። ኬንያዊው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ሁሉ ወጣ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና የባሬላውን አንድ ጫፍ አነሳ። ጥማድ በሬዎቹ አይለያዩምና ረጅሙም ሌላውን ጫፍ አነሳ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አካፋ ፈለጉ። እናቴ «እግዚኦ፣ ይቅር በለን» ብላ አማተበችና ድንጋይ ተሸከመች። ሳምንቱን ሙሉ በየተራ ሲቀር ያየሁት ሰው በሰንበት ተሰብስቦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የግድቡን አፍ ዘጋው። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሰኞ መጣ። ሁለቱ ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው መኪና ሲጠብቁ ወረደ፤ መኪናውን ትተው እኛ ጋ ሮጡ። ግድቡ ላይ ሁላችን በስብሰን ቆመን፣ ቀይ ጎርፍ ገብቶ ሲጠራቀም፣ አዲሱ አፈር ጋ ደርሶ ሲቆም አየን። ረጅሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ በተኮላተፈ አማርኛ «ዝናቡስ የማን ነው?» አለኝ። አቀፍኩት። ክራቫቱን ሊወስድ ቢጠይቅ ባልቴቷ እምቢ አሉ። አንዴ ከብት አንገት ላይ የታሰረ የከብቱ ነው አሉ።

በጋው እንደወትሮው ከረረ። በጥር ወር አንድ ጠዋት ደወሉን ደውዬ ክፍል ገባሁ። ባዶ ወንበር አጣሁ። በመስኮቱ ከኩሬው ዳር የባልቴቷ ላም ጥጃዋን አስከትላ ትጠጣለች፣ አንገቷ ላይ ፀሐይ ያነጣው ክራቫት አለ። ጠመኔዬን አነሳሁና ማስተማር ጀመርኩ።