የመምህርት ሰዓዲያ አካሄድ

መምህርት ሰዓዲያ የእንግሊዝኛን የአካሄድ ቃላት የምታስተምረው በጠመኔ ሳይሆን በእግሯ ነበር።

«ስትሮል» የሚለው ቃል ሲደርስ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ አመሻሽ ላይ በጣና ዳር እንደሚንሸራሸር ሙሽራ በሰሌዳው ፊት ትንሳፈፍ ነበር። «ማርች» ላይ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። «ትራጅ» ሲሆን ደግሞ እንጨት የተሸከመች ያህል ትጎብጥና፣ ከክረምት ጭቃ እንደሚነቀል እግር እያንዳንዱን እርምጃ ትነቅለዋለች። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ቃሉ ግን ከዚያ ወዲያ አይጠፋቸውም። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከወረታ ሊጠይቋት መጥተው፣ በመስኮት አይተዋት፣ «ልጄ፣ ደመወዝ የሚከፍሉሽ ለዚህ ነው?» ብለው ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ንጋት ለሱብሒ ሶላት ልትነሣ ስትል ግራ ጎኗ ከዳት። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ውሎ አድሮ አንደበቷ ተመለሰ፤ እጇም ተመለሰ። ግራ እግሯ ግን እንዳኮረፈ ቀረ።

ባሏ ኑርሑሴን የጨርቅ ሱቁን ለወንድሙ ልጅ እየተወ በየማለዳው በሐይቁ ዳር ያለማምዳት ጀመር። ውሃው ገና ጭጋጉን አልገፈፈም፤ የዘጌ ጀልባዎች ሞተራቸውን እያስነሡ ያጓራሉ፤ ከእነሱ ራቅ ብሎ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ዝም ብሎ ይመጣል። ሰዓዲያ ደክሟት ዘንባባ ተደግፋ ስትቆም፣ በየሠርጉ የሚፈለገው የኑርሑሴን ድምፅ ይነሣል፦

«ሞተር የላት እንጂ ታንኳይቱ ወዳጄ፣
በቀስታ ተቀዝፋ ትደርሳለች ደጄ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዘፈኑን ተውና ክንዴን ያዝ!»

«ክንድሽንማ ይዣለሁ። የለቀቅሽው አንቺ ነሽ።»

ትስቃለች፤ ደግሞ ትራመዳለች። በልቧ ግን የምትቆጥረው የምታልፈውን ዘንባባ አልነበረም። እስከ ክፍሏ የቀራትን እርምጃ ነበር። ያለዚያ ክፍል ማን እንደሆነች አታውቀውም።

ትምህርት ሲከፈት ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ቢያዝን ሄደች። ቢያዝን በዕድሜ ያንሳታል፤ ያከብራታልም። ያስጨነቃትም አክብሮቱ ነበር።

«መምህርት፣ ለምን አያርፉም? ቤተ መጻሕፍቱን ይያዙልን። ጸጥ ያለ ነው።»

«ጸጥታውስ መቃብርም አለ፣ ጌታዬ። አልቸኮልሁም።»

ቢያዝን ሳቁን ዋጠው። «እንግዲያው አንድ ክፍለ ጊዜ ይግቡ። ከሆነልዎ ክፍሉ የርስዎ ነው። ካልሆነልዎ ግን ቤተ መጻሕፍቱን እሺ ይበሉኝ።»

«እሺ።»

የዘጠነኛ «ሀ» ልጆች ሲነሡላት ክፍሉ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ አለ። ጠረጴዛዋ እስክትደርስ ድረስ ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። ሰዓዲያ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ስትሮል እንደማይሆንላት ታውቃለች፤ ማርችማ ጨርሶ። ያላት አካሄድ አንድ ብቻ ነው። እሱኑ ልትሰጣቸው ቆርጣ ነበር የመጣችው።

«ከዚህ እስከ በሩ እሄዳለሁ። አካሄዴ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ትነግሩኛላችሁ።»

ሄደች። ቀኝ እግሯ ቀደመ፤ ግራው እየተጎተተ ተከተለ።

ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። በአገሩ ወግ የሰው ጉድለት ፊት ለፊት አይጠራም፤ የሚጠራ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። በመጨረሻ የክፍሉ ቀልደኛ ምናሴ እጁን አወጣ።

«ስትሮል ነው፣ ቲቸር! ያውም የሚያምር ስትሮል!»

«ማርችም ይመስላል» አለች ሌላዋ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

ሰዓዲያ በሩን ይዛ ቆመች። ቢስቁባት ይሻላት ነበር። ደግ ልጆች ናቸው፤ በደግነታቸው ግን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እየሸኟት ነው።

«ምናሴ፣ ስትሮል ደስታ ነው። የሚንሸራሸር ሰው የትም ለመድረስ አይጨነቅም። እኔ ተጨንቄ ነው የሄድሁት። እግሬን እዩት እንጂ ፊቴን አትዩ። ድጋሚ እሄዳለሁ።»

ተመልሳ ሄደች። በግማሽ መንገድ ላይ ከኋላ ወንበር ዜማ የምትባለው ልጅ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ሊምፕ…» ልጅቷ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፣ ቲቸር! ማንከስ ማለቴ…»

«ለምን ሊምፕ አልሽው?»

«አንዱ እግርዎ ሌላውን ስለሚጠብቀው።»

«አይደለም!» ምናሴ ሳያስበው ብድግ አለ። «ሊምፕማ እግሩ ተነሥቶ ነው የሚያርፈው። የሳቸው ሶል ወለሉን አይለቅም። ሻፍል ነው!»

«ሻፍል በሁለቱም እግር ነው፤ ነጠላ ጫማ እንደሚጎትት ሰው!»

«ትራጅስ? ሲደክማቸው አላያችሁም?»

«ድካምና ጉዳት አንድ ነው እንዴ?»

ክፍሉ ፈላ። አንዱ በወንበሮቹ መካከል እያነከሰ ሄደ፣ ሌላው እየተጎተተ ተከተለው፤ ሳቁም ጩኸቱም ተደበላለቀ። ያ ሁሉ ሐዘኔታ የት እንደገባ ሰዓዲያ አላየችውም።

«ጸጥታ!» አለች፤ ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። «ምናሴ፣ ያንተ ማንከስ ፍፁም ቅጣት ምት የሚለምን ኳስ ተጫዋች ነው። ና ወደዚህ። ተረከዜ ይነሣል ወይስ አይነሣም?»

ምናሴ ተንበረከከ። እሷም ተራመደች።

«ተረከዙ ይነሣል፣ ቲቸር! ጣቶቹ ናቸው የሚጎተቱት!»

«በሉ ፍረዱ።»

ደወሉ እስኪደወል አልተስማሙም። በሩን ስትከፍት ቢያዝንን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አልተናገረም።

«ዘጠነኛ 'ለ' እየጠበቀዎት ነው፣ መምህርት» አለ፣ ቦርሳዋን ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ። ቦርሳዋን አልሰጠችውም። ጎን ለጎን ጥቂት ሄዱና ቢያዝን አላስችል ብሎት ወደ እግሯ አየ። «ለመሆኑ የትኛው ነው ቃሉ?»

«እየተከራከሩበት ነው» አለች ሰዓዲያ።