በእግር የተመታው ድቤ

በሰባ አንድ ዓመተ ምህረት አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ከሚሴ መንገድ ላይ የባጃጅ ሙዚቃ ድው ድው ሲል፣ የዚያ ላብ የጠጣ የድቤ ቆዳ ግማት ይመጣብኛል።

የቀበሌው የኪነት ቡድን ኃላፊ የአጎቴን ሁለት የመንዙማ ድቤዎች ወስዶ በእግር እንዲመቱ ፔዳል አስገጠመባቸው። መቺው እኔ ነኝ። ግራ እግሬ ግን ከቀኙ ይዘገያል።

«ተረከዝህን አሳርፍ፤ ከቁርጭምጭሚትህ ምታ። ቀስ ብለህ ጀምር» ይለኛል ኃላፊው። «እስከ አብዮት በዓሉ ካልፈጠንክ ግን ጦር ሜዳ ነህ።»

አንድ ቀን አጎቴ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«ነቢን ያወደስንበትን ትረግጣለህ?»

«እንግዲያ ሄጄ ልሙት ወይ፣ አጎቴ?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ» አለና ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለሶላት እንደምታጠበው እግሮቼን ሦስት ሦስት ጊዜ ታጠብኩና ሄጄ መታሁ። ግራዬ ቀኜን የደረሰበት ያን ቀን ነው።