ከርብ ድልድይ ማዶ የቀየርሁት ፊልትሮ

ዛሬ ጧት ጋራዥ ውስጥ አንዱ ልጅ አሮጌ ፊልትሮ፣ የናፍጣ ማጣሪያ፣ ፈትቶ መዳፌ ላይ ገለበጠልኝ። ናፍጣው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሥሩም ውኃ ነበረበት። እጄን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ያ የረግረግ ሽታ መጣብኝና ባለሁበት ቀረሁ። ልጁ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። ለማንም ያልነገርሁት ነገር ነው የመጣብኝ፤ ለአንተ ልንገርህ።

ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌርም መካኒክም ነበርሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በጎጃምና በጎንደር ከእኔ በላይ ሞተር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሐይቁ ዳር አንዲት ክፍል ከጓደኛዬ ጋር ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ዓመት ሞልቶት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከግንባር የተመለሰ አንድ ቁስለኛ፣ ጓደኛዬ አጠገቡ እንደ ወደቀና በገዛ እጁ እንደ ቀበረው ለእኔና ለእናቱ ወንድም ነገረን። ደብዳቤ የለ፣ ማኅተም የለ። መርዶውን ለእናቱ ማድረስ የእኛ ዕዳ ሆነ።

እናቱ ይፋግ ነበር የሚኖሩት። መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ተነሥተን፣ ከጎረቤታቸው አድረን፣ ንጋት ላይ ልንነግራቸው ተስማማን። አለቃዬን ለምኜ የመሥሪያ ቤቱን ፒካፕ አወጣሁ። ጋቢና ከእኔ ጋር የቤተሰቡ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ፣ ከኋላ ደግሞ የእናትየው ወንድምና አንድ የዕድር ሽማግሌ ተቀመጡ። ሁሉም የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል።

ከወረታ ወጣ እንዳልን፣ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ መሐል ቆሙ። እናትየው ራሳቸው ነበሩ።

ባልቆም እንዴት በወደድሁ! ቆምሁ። ነጫጭ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ የቄሱን ጥላ አዩ፤ ፊታቸው በራ።

«ለልጄ ሽምግልና መሄዳችሁ ነው!» አሉ። አንዲት የይፋግ ልጅ እንዲጠይቁላቸው ወንድማቸውን ስንት ዘመን ሲወተውቱ ኖረዋል። «ምነው ሳትነግሩኝ! ልጄ ሊመጣ ነዋ!»

ወንድማቸው «አዎን፣ እታለም» አሉ። ምን ይበሉ? ዘመድ በሌለበት፣ ጎረቤት በሌለበት፣ መንገድ ላይ መርዶ አይነገር። እናትየው እልል አሉ። ግራና ቀኙ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ እልልታውን የሚቀበል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በእኔና በቄሱ መሐል አስቀመጥናቸው። የርብን ድልድይ ተሻግረን ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጠፋ።

ያን ሜዳ በክረምት ታውቀው እንደሆነ፣ በእንቁራሪትና በወፍ ጩኸት ጆሮ አያሰማም። ያን ቀን ግን ጸጥ ብሎ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ከሐይቁ በኩል የተነሣ ጭጋግ በውኃው ላይ እየተሳበ መጣና ከፊታችን ያለውን መንገድ ዋጠው። ከውኃው ብቅ ያለው የሣር ጫፍ እንኳ አይነቃነቅም።

ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮውን ፈታሁት። ስደፋው ከናፍጣ ይልቅ ውኃ ወጣ፤ ቡናማ፣ የበሰበሰ የደንገል ሣር የሚሸት። ናፍጣ በኮታ ከበርሜል በሚቀዳበት ዘመን ይህ ብርቅ አልነበረም። አዲስ ፊልትሮ ከወንበሬ ሥር ነበረኝ፤ ሥራውም የሃያ ደቂቃ ነው። መኪና ሲበላሽ ምክር የማያልቅባቸው ሽማግሌዎች ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ቆሙ።

እናትየው ግን መጥተው አጠገቤ ቆሙና አዲሱን ፊልትሮ ያዙልኝ። ስለ ጠላው አወሩ፤ ስለ ዳሱ አወሩ። «ዋናው ሚዜ አንተ ነህ» አሉኝ። «ይህን እጅህን ግን በደንብ ታጠብና ና።» እኔ አንገቴን ሞተሩ ውስጥ ቀብሬ «እሺ» አልሁ።

ፊልትሮውን በንጹሕ ናፍጣ ሞልቼ አሠርሁት። የቀረኝ አየሩን ማስወጣት ነበር። ፊልትሮ ሲቀየር አየር ይገባል፤ አንዲት ብሎን ላላ ታደርግና፣ አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ የእጅ ፓምፑን ትጫናለህ። ከዚያ ብሎኗን ታጠብቃለህ። ውስጡ አየር ከቀረ ሞተሩ አይነሣም።

አረፋው አለቀ። ብሎኗን አላጠበቅሁም። ጭራሽ ላላ አደረግኋትና አየሩን መልሼ አስገባሁት። ሞተሩ ካልተነሣ ይፋግ አንደርስም፤ ካልደረስን አይነገርም፤ ካልተነገረ ጓደኛዬ ለእናቱ አልሞተም። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ግን አላፍርበትም። ሁለት ጊዜ እንዲያ አደረግሁ። ለሦስተኛ ጊዜ የብሎኗን መፍቻ ሳነሣ የእናትየው ወሬ ቆመ።

አጎንብሰው እጄን አዩ። «ተው ልጄ፣ አጥብቀው» አሉኝ በዝግታ።

ቀና ስል ከዚያ ሁሉ ደስታ ፊታቸው ላይ የቀረ ነገር የለም።

«ለጋብቻ የሚሄድ ሽማግሌ ይሥቃል። ከእናንተ የሣቀ አላየሁም። ገና መኪናው ሲቆም አውቄዋለሁ።»

ዘወር ብዬ ሽማግሌዎቹን አየሁ።

«ለእነሱ እንዳትነግርብኝ። ዛሬን ብቻ ተውልኝ። እስኪነጋ ልጅ አለኝ።»

አየሩን አስወጥቼ ብሎኗን አጠበቅኋት። ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ዞር ሲሉ እናትየው ፊታቸውን መልሰው አብርተው ነበር፤ ደግመውም እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ እልልታ የከበደኝ ድምፅ ግን የለም።

ይፋግ ስንደርስ እናትየው ከቤታቸው ደጅ ወረዱ፤ እኛ ከጎረቤት ገባን። በመካከላችን ያለው አጥር ብቻ ነበር። ራት ሲቀርብልን የእናትየው ድምፅ ይሰማን ጀመር። ያወራሉ። ይጠይቁና ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይሥቃሉ። የሚመልስላቸው ድምፅ አልነበረም፤ ዝም የሚሉት ግን ልክ መልስ የሚፈጀውን ያህል ነበር። «አምጣ፣ እግርህን ልጠብልህ» ሲሉ ሰማን። ውኃ ሲንቆረቆርም ሰማን።

ወንድማቸው «ቤት ውስጥ ማን አለ?» አሉ። ቄሱ አማተቡ። እኔ የእናትየውን አደራ ጠብቄ የማውቀውን አላወጣሁም።

ጎሕ ሲቀድ ተከታትለን ሄድን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወንድማቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ገፋ አደረጉት። መደቡ ላይ ጋቢ ተነጥፏል፤ ትራስ ተደርጎበታል። እናትየው እመሬት ላይ፣ ከትራሱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌዎቹን አልፈው እኔን አዩኝ፤ እጃቸውንም ቀስ አድርገው አነሡ።

«በዝግታ ግቡ» አሉ። «ገና አሁን ነው የተኛልኝ።»