የአባቴ ጋቢ ባሕር ሰርጓጅ የሆነ ጊዜ

ጉለሌ ባሕር የለም። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሹሞች ግን ለአብዮት በዓል ሰልፍ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለመሥራት ወሰኑ። አጽሙ ቀርከሃ፣ ቆዳው ጨርቅ፣ የሚሄደውም በጭነት መኪና ተጭኖ ነው። ጨርቁን የምናዋጣው እኛ ነን፤ በፈቃደኝነት መሆኑ ነው።

የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጎረቤቴ ነበረች። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ የነበረው አባቴ ከመሞቱ በፊት በመጨረሻ የሠራውን ጋቢ ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ይህችው ሴት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ አይታዋለች፤ ዳብሳዋለች ብል ይሻላል።

"ያንን ጋቢ አምጪው" አለችኝ ደጄ ላይ ቆማ።

"የአባቴ ማስታወሻ ነው።"

"እህቴ፣ አብዮቱ ካንቺ አባት አያንስም። ከሰልፉ በኋላ ትወስጂዋለሽ።"

ሰጠኋት። በዚያን ጊዜ እምቢ ያለ የት ሄዶ እንደሚጠየቅ ሁላችንም እናውቃለን። የመርከቡ አፍንጫ ላይ ወጥረው ግራጫ ቀለም ቀቡት።

በምረቃው ጠዋት ቀበሌው ግቢ ተሰበሰብን። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ካድሬ፣ መርከብ ሲሰየም ሴት አፍንጫው ላይ የወይን ጠርሙስ ትሰብራለች ብሎ ነበር። ልጆቻችንን ቁስቋም ክርስትና ስናስነሳ "ኋላቀሮች!" ስትለን የከረመችው ሊቀመንበር የመርከብ ክርስትና እናት ሆነች።

"ቀይ ማዕበል ብዬሃለሁ!" ብላ ጠርሙሱን ወረወረችው። ነጥሮ ተመለሰ። የተወጠረ ጋቢ ላይ ጠርሙስ እንደማይሰበር ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ የተናገረም አልነበረም። ደገመች። በሦስተኛው ጠርሙሱ ተመልሶ የእግሯ ጣት ላይ አረፈ።

"ድረሽልኝ የቁስቋሟ እመቤቴ!" ብላ ጮኸች፣ ካድሬው ፊት።

"አሁን ገና ክርስትና ተነሳ" አሉ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት በቀስታ። ካድሬው አጨብጭቡ አለን፤ ከልባችን አጨበጨብን።

ከሰልፉ በኋላ ጋቢዬን ልጠይቅ ሄድኩ። "መርከቡ ገና ግዳጅ ላይ ነው" አለችኝ እያነከሰች። ጥቅምት ላይ መርከቡን ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ተጥሎ አገኘሁት። ስፌቱን በጥርሴ በጥሼ ጋቢዬን ወሰድኩ። ስንት ጊዜ አጠብኩት፣ ቀለሙ አልለቀቀም።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። እሷም ቁስቋም ከፊት ቆማ ታስቀድሳለች። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጋቢውን ተከናንቤ እቀበላታለሁ።

"ቀለሙ እንዴት ያምራል! የት አስነከርሽው?" አለችኝ ባለፈው።

እግሯን አየሁና "ጣትሽ ተሻለሽ?" አልኳት።