የእትዬ የሺ ወገብ

የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ ንገሪን» ብለው የያዙኝ ባለፈው እሑድ ነው፤ አንቱታውን ከተውኩላቸው ቆይቻለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ሳራ፣ ከእርድ የሚወጣ ነገር ለተበላሸ የጀርባ ዲስክ መድኃኒት ይሆን እንደሆነ እየሞከርን ነው ስትል ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ። ምን ሆንሽ አሉኝ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ የሺ ልጃቸውን አዲስ አበባ፣ እህታቸው ዘንድ ትተው ነው የመጡት። እሷን እስኪያስመጡ ሥራቸው እንዳይቋረጥ ነበር ጸሎታቸው። በረዶው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ በተቆለለበት ዊንተር፣ ፍራሽ ሲያነሡ ወገባቸውን ያዛቸው።

ሐኪም ቤት ሄደው «ወገቤን ብርድ መታኝ» አሉ። ያስተረጎመላቸው ያገር ሰው «ኮልድ ይዟታል» አለና የጉንፋን ሽሮፕ ይዘው ተመለሱ። ያኔ ሳቅን። ብርድ ለእኛ ወገብ ይገባል፣ ለእነሱ አፍንጫ።

ሽሮፑ ምን ሊረባ። እትዬ የሺ እርድ በዘይት እየለወሱ ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን ይቀቡ ጀመር፤ ዩኒፎርሙን ከላይ ይደርቡበታል። ሊፍቱ ሁሉ እርድ እርድ ይላል።

«እትዬ፣ ወገብዎን አልጫ አደረጉት እኮ» አልኳቸው።

«ሳቂ አንቺ። አልጫም ሆነ ቀይ ወጥ፣ ልጄ እስክትመጣ ካቆመኝ ይበቃኛል።»

አንድ ቀን ሕመሙ ሲጠናባቸው ራሳቸው ያነጠፉት አልጋ ላይ ጋደም አሉ። ዘይቱ በዩኒፎርሙ አልፎ ነጩን አንሶላ ቢጫ አደረገው። አለቃችን ገብታ ይሄ ምንድን ነው አለች። ወገቤን ያመኛል ካልኩ ያባርሩኛል ብለው ፈሩና «ፉድ» አሉ። የእንግዳ አልጋ ላይ ምግብ በልታለች ተብለው በዚያው ቀን ተባረሩ።

የልጃቸውም ነገር በዚያው ቀረ። ኋላ ሐኪም ቤት ፎቶ ሲነሡ ሕመሙ ዲስክ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ሥራም አልሆነላቸው። አገር ቤት ተመልሰው ሲያገኟት ልጅቷ ትዳር ይዛለች። አክስቷን «እማዬ»፣ እሳቸውን «እትዬ» ነው የምትለው።

ሳራ ይህን ሰምታ እየፈራች ነገረችኝ። እርድ የተቆጣ ሰውነት ያበርዳል፣ ውሸት አይደለም። ግን ቆዳ ላይ የተቀባው ዲስኩ ዘንድ አይደርስም፤ የጠጡትም ቢሆን ወደ ደም የሚዘልቀው ጥቂት ነው። እነሱ በመርፌ ሊያደርሱት የሚለፉትም ለዚህ ነው፤ ገና አይጥ ላይ ናቸው።

ከሥራ አስባረራቸው ብዬ ስንት ዘመን እርዱን ስረግም ኖሬ፣ ለካ አንሶላው ላይ ቀረ እንጂ ወገባቸው ውስጥ እንኳ አልገባም ነበር።