ጫቱ የገባበት ሰዓት

ዳኛ ዘከሪያ ካርቲየ ሰባት የሚባለው የጅቡቲ የድሆች ሰፈር ልጅ ናቸው። አባታቸው ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክመው አሳደጓቸው፤ ፈረንሳይ ሄደው ሕግ ተምረው ተመለሱና እዚሁ ጅቡቲ ሃያ ስድስት ዓመት ፈረዱ። አሥራ ስምንቱን ዓመት እኔ ቤታቸው ሠርቻለሁ። ስጦታ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ከደጅ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ቸሩ የሚባል ያገሬ ሾፌር የጫንከውን ስንዴ ሸጠሃል ተብሎ ፊታቸው ቀረበ። ስንዴው መንገድ ላይ ሲዘረፍ ያየው ባልደረባው አለምሰገድ ከጠረፍ እየመጣ ነበርና ቸሩ ምስክሬ እስኪደርስ ይጠበቅልኝ ብሎ ለመነ። እዚህ አገር ግን ቀትር ላይ ጫት ከገባ የሚጠብቅ የለም። እኔም እንደ ወትሮዬ ለችሎቱ ጸሐፊ ደወልኩ።

"ለዳኛው ንገርልኝ፤ ጫቱ ገብቷል፣ እንግዶቻቸውም ተቀምጠዋል።"

"ካንቺ ስልክ ሌላ ሰዓት የለንም እኮ" ብሎ ሳቀ።

ሁለት ዓመት ፈረዱበት። አለምሰገድ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። ይግባኙ ታይቶ እስኪፈታ ቸሩ አሥራ አንድ ወር ታሰረ፤ እናቱንም ሳይቀብር ቀረ።

ዳኛው ከዚያ ወዲህ ጫት አልቃሙም። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቀትር ሲሆን ባዶው መቃሚያ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ይዤ ስገባ፣ "እኔ ባልደውል ኖሮ ይጠብቁት ነበር" አልኳቸው።

"ዓይናለም፣ አንቺ ያልደወልሽባቸው ቀኖችም ነበሩ" አሉኝ። "በነሱም ሰዓቴን እያየሁ ፈርጃለሁ።"

ሊያቀሉልኝ ብለው ነው። ስልኩን ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ።