ጋሽ ዳምጤ «እንዴት ያምራል!» ያሉ ዕለት

ከደብረ ማርቆስ እስከ አምበርና ደጀን በማጀታችሁም ሆነ በወገባችሁ የጋሽ ዳምጤ ቢላዋ ያላችሁ ሁሉ፣ ለአንድ አፍታ አስቀምጡትና ስሙኝ። ያንን ቢላዋ የሠሩት ሰው ዐርፈዋል። ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ነፍሳቸው ወጣች። ጭናቸው ላይ ሰፍተው ያልጨረሱት የቆዳ ሰገባ ነበር። የሰገባው ባለቤት «ሌላ ሰው ይጨርስልኝ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ማን እጁን ያስገባበታል? እንዳለ ይውሰደው ብያለሁ።

እኔ አስካለ ነኝ፤ ወስፌ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጠላት ዘመን ባለቤቴ ሞላ ከአርበኞች ጋር ዱር ሲገባ፣ እኔ ቆዳ ልሰፋ ወደ ጎጇቸው ሄድኩ። ዘመዶቼ «ቀጥቃጭ ቤት ልትውል!» ብለው አገር ይያዝልን አሉ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ በማግሥቱ ማልጄ ገባሁ።

ጋሽ ዳምጤ ቢላዋ ሲታዘዙ መጀመሪያ ብረት አያነሡም። ርጥብ ጭቃ ድቡልቡል ያደርጉና ለባለጉዳዩ ሰጥተው «ይጨብጡት፤ እንደሚሠሩበት አድርገው ይጨብጡት» ይላሉ። የጣቶቹ ቅርጽ ጭቃው ላይ ይቀራል። ጭቃው መደርደሪያ ላይ ከደረቀ በኋላ የቀንድ እጀታውን በዚያው ልክ ይቀርጹታል። ቢላዋው ለባለቤቱ እጅ ብቻ የሚመቸው ለዚህ ነው። አንድ ቀን «ምነው እጃቸውን ይዘው ቢለኩ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የእኔን እጅ ማን ይጨብጣል? ጭቃውን ግን ማንም አይፈራው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ያየውን ይበላል፣ በተለይ ያደነቀውን አይምረውም ሲባል አድገናል። እናቶች በጎጇቸው በኩል ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ጋሽ ዳምጤም ሰው እንዳይሰጋ ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ። ጥጃ ቢሆን፣ የደረሰ ጤፍ ቢሆን፣ አዲስ ቀሚስ ቢሆን «ያምራል» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ግሩም አድርገው የሠሩትን ቢላዋ እንኳ «ይቆርጣል» ነው የሚሉት። እኔ ተጨንቄ ተጠብቤ የሰፋሁትን ገልበጥ አድርገው አይተው «አይተረተርም» ይሉኝ ነበር። በዚህች ቃል ቀኑን ሙሉ ስፈነድቅ እውላለሁ።

አንድ ጠዋት ሞላ ለጓዶቹ የሠራንላቸውን ዝናር ሊወስድ ተደብቆ መጣ። ገና ዝናሩን ሳይታጠቅ ከታች በኩል የጣሊያን ወታደሮች ቤት ለቤት እየፈተሹ ደረሱ። መውጫ አልነበረም። ጋሽ ዳምጤ ሞላን ከነዝናሩ ጥግ አስተኙትና ጥሬ ቆዳ ከመሩበት። ሽታውን አትጠይቁኝ!

ጣሊያኑ ሻምበል ጎንበስ ብሎ ገባ። ቱርጁማኑ ግን የአገራችን ሰው ነውና፣ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጥሎ ከደጅ ቀረ። ሻምበሉ ጮኸበት። ቱርጁማኑ አንድ እግሩን ብቻ አስገባ። ሻምበሉ በዱላው የላይኛውን ቆዳ ገለጥ፣ ሁለተኛውን ገለጥ ሲያደርግ የእኔ ነገር አለቀ፤ ሞላን ከዓይኔ ፊት ሊገድሉት ነው አልኩ።

ይኼኔ ጋሽ ዳምጤ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ቀና ብለው ቱርጁማኑን ዓይን ዓይኑን አዩት።

«እንዴት ያምራል!» አሉ። «እዩልኝ ይህን አንገት! ጥርሱስ ብትሉ! ኧረ ጉንጩ! እናትህ ምን አብልታ አሳደገችህ፣ ጌታዬ?»

ሰውዬው አመድ መሰለ። «አንተ! ዓይንህን አንሣልኝ!» ብሎ ፊቱን ሸፈነና ለሻምበሉ በጣሊያንኛ ተንጣጣለት። ሻምበሉ ዱላውን ጥሎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ ቀድሞት ወጣ! በኋላ ከወታደሮቹ አንዱ እንዳወራው፣ ቱርጁማኑ «ይህ አባ ሰንጋ የገደለው ከብት ቆዳ ነው፤ የነካው ይሞታል» ብሎት ኖሯል። ከጋሽ ዳምጤ ዓይን ቶሎ ለመውጣት የፈጠረው ነው። ቱርጁማኑ ከዚያ በኋላ «ሆዴን፣ ሆዴን» እያለ አልጋ ያዘ አሉ። ጤና አዳም በአፍንጫው ሲጎሰጉስ ሰነበተ።

ሞላ ከቆዳው ሥር ብቅ ሲል እያለቀስኩም እየሳቅሁም ነበር። ጋሽ ዳምጤ ቁጭ አሉ። «በዕድሜዬ አንድ ሰው ባደንቅ፣ እሱም ባንዳ ይሁን?» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን ያች ነገር ከልቤ አልወጣ አለች።

ጠላት ገና ከከተማችን ሳይወጣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ክርስትና በተነሣች ማግሥት ታቅፌያት ወደ ጎጇቸው ሄድኩ። እናቴ ከኋላዬ «ሸፍኛት! ሸፍኛት!» ትላለች። ጋሽ ዳምጤ እንደ ልማዳቸው አቀርቅረው ይቀጠቅጣሉ። ነጠላውን ገለጥኩት።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ይዩልኝ።»

«ተይ ልጄ። ሸፍኛት።»

«አልሸፍንም! አባቷን ያተረፈ ዓይን እሷን ምን ያደርጋታል? ይዩልኝና ታምራለች ይበሉልኝ።»

እናቴ እሪ አለች። ጋሽ ዳምጤ እጃቸውን በቆዳ ሽርጣቸው ጠራረጉና ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሕፃኗን አዩዋት፤ አይተውም አልጠገቡ። «ታምራለች» አሉ። «ውይ ልጄ! እንዴት ታምራለች!» ከዚያ ቁራሽ ጭቃ አንሥተው በትንሿ ጡጫዋ አስጨበጧት። እናቴ እስኪመሽ ከራስጌዋ ሳትነሣ ጠበቀች። ልጅቱ ጡት ከመጥባትና ከመተኛት በቀር ያደረገችው ነገር የለም።

ጋሽ ዳምጤ፣ ያ ጭቃ ዛሬም መደርደሪያዎ ላይ ነው። ያቺ ልጅ ለልቅሶዎ ስትመጣ የራሷን ሕፃን ታቅፋ ነበር። ከጎጆዎ ደጃፍ ስትደርስ፣ ማንም ሳያዛት፣ ነጠላውን ከሕፃኑ ፊት ገለጠችው። ሌሎቹም እናቶች አዩና እንደ እሷ አደረጉ። ደህና ይሂዱ፣ አባቴ። እዚያ ሲደርሱ መሬት መሬቱን አይዩ። ቀና ይበሉና ያማረውን ሁሉ ያምራል ይበሉ፤ ጮክ ብለው ይበሉት።